የድሮው የአማርኛ ሰነድ ሲከፈት ፊደሉ ከተዘባረቀ፦ የፋይል ማቆያ ችግሮችና መፍትሔያቸው

ገመዱ መሰካቱን፣ ፍላሹ በሌላ ኮምፒውተር መሞከሩን፣ ቫይረስ መፈተሹን አልጠይቅም። ያላደረገ ሰው ያን አድርጎ ይመለስ። እዚህ የምጽፈው ከዚያ በኋላ ለሚተርፈው ችግር ነው።

ፍላሹ ሲሰካ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ይጠይቃል

ምክንያት፦ እየተጻፈበት ሳለ ተነቅሏል፤ የፋይሎቹ ማውጫ ተበላሽቷል። ፋይሎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባሉበት አሉ።

መፍትሔ፦ እምቢ በሉት። ከተበላሸ ዲስክ ፋይል በሚያወጡት በቴስትዲስክ ወይም በፎቶሬክ ፕሮግራም ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ አውጡ። ወደ ሌላ ዲስክ ነው ያልኩት። ያዳነውን ፋይል እዚያው ፍላሽ ላይ መልሶ እየጻፈ ያልዳነውን የሚያጠፋ ሰው በየወሩ አያለሁ።

ፋይሉ ስሙም መጠኑም ይታያል፤ ግን አይከፈትም

ፍላሹ በመንገድ ዳር በርካሽ የተገዛ ከሆነ ምክንያቱን ሳላየው እነግራችኋለሁ፤ ሐሰተኛ ነው። ውስጡ 8 ጊጋባይት ሆኖ 64 ነኝ እንዲል ተደርጓል። ከ8 በላይ የተጻፈው ወይ የትም አልገባም ወይ በቀደመው ላይ ተደርቧል። የጠፋው አይመለስም። አዲስ ፍላሽ ስትገዙ ኤች2ቴስትደብልዩ ወይም ኤፍ3 በሚባለው መፈተሻ እስከ አፉ ሞልታችሁ ሳትሞክሩት የልጃችሁን የክርስትና ፎቶ አታስቀምጡበት።

ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል

አሁኑኑ አጥፉት። እንደገና አታስነሡት፣ አትክፈቱት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አታስገቡት። ሥራው የባለሙያ ነው።

የድሮው የአማርኛ ሰነድ ይከፈታል፤ ግን አይነበብም

ለዚህኛው ነው ብዕር ያነሣሁት። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመጣብኛል።

ምልክት፦ ከ20 ዓመት በፊት የተጻፈ የወርድ ሰነድ ያለ ችግር ይከፈታል። አንቀጹ፣ ሠንጠረዡ፣ የገጹ ቁጥር በቦታው ነው። ጽሑፉ ግን የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍ፣ የፓውንድ ምልክትና ነጥብ የተደረበባቸው የአውሮፓ ፊደላት ድብልቅ ነው፤ አንዳንዴም ባዶ ሣጥን ብቻ። ባለቤቱ «ቫይረስ በላው» ይላል። አልበላውም፤ ፋይሉ ጤነኛ ነው።

ምክንያት፦ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ የራሱን ኮድ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዊንዶውስ የግዕዝ ቁምፊ (ፎንት) ይዞ መምጣት የጀመረው ደግሞ ኒያላ የተባለውን ቁምፊ ባካተተው በዊንዶውስ ቪስታ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት አማርኛ በኮምፒውተር አልተጻፈም ማለት አይደለም፤ በደንብ ተጽፏል። የጽሕፈት ፕሮግራም ሠሪዎቹ ዘዴ ፈጥረው ነበር፤ በላቲን ፊደሎች መቀመጫ ላይ የግዕዝን መልክ አስቀመጡ። ፋይሉ ውስጥ «ሀ» የሚባል ነገር የለም። ያለው የላቲን ፊደል ኮድና «ይህን በዚህ ቁምፊ አሳይ» የሚል ማስታወሻ ነው። ቁምፊው ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ከሥር ያለው ላቲን ብቅ ይላል።

ይህ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ግን እያንዳንዱ ሠሪ ፊደሎቹን የደረደረው በራሱ ቅደም ተከተል ነው። በዚያ ላይ በአንድ ቁምፊ ውስጥ ያለው ቦታ 256 ሲሆን ለጽሑፍ የሚውለው ከዚያም ያንሳል፤ የእኛ ፊደል ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 ይበልጣል። ስለዚህ አንዱ ፊደሉን ለሁለት ለሦስት ቁምፊ ከፈለው፤ ሌላው ግንዱን ለብቻ፣ የካዕብና የሣልሱን ቅጥያ ለብቻ አድርጎ ሲጻፍ ገጣጠመው። «ቤት» የሚለው ቃል አንዱ ፊደሉ ከአንደኛው፣ ሌላው ከሁለተኛው ቁምፊ ሊሆን ይችላል።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። ሙሉውን ጽሑፍ መርጣችሁ ቁምፊ አትቀይሩ። ቀይራችሁ ከሆነም አታስቀምጡ። ሰነዱን የሚገድለው ዕድሜ ሳይሆን ይህ ነው።

አንድ የእድር ጸሐፊ በ1994 ዓ.ም. የተጻፈ የአባላት መዝገብ በፍላሽ ይዘው መጡ። በወራሾች መካከል ክርክር ተነሥቶ መዝገቡ ተፈልጓል። እኔ ጋ ከመምጣታቸው በፊት የጎረቤት ልጅ አይቶት «ፎንቱ ነው» ብሏል፤ ልክ ነበር። ከዚያ ሙሉውን መርጦ አንድ ዘመናዊ ቁምፊ ሰጠው፤ አልሆነም። ሌላ ሰጠው፤ አልሆነም። ሲሰለቸው አስቀምጦ ዘጋው። በዚያች ቅጽበት የትኛው ፊደል ከየትኛው ቁምፊ እንደነበረ የሚናገረው ማስታወሻ ሁሉ ተደመሰሰ። በዚያ ፋይል በአንደኛው ቁምፊ «በ» የነበረው ኮድ በሁለተኛው «ጸ» ነበር፤ ከዚያ ወዲያ «በላይ»ን ከ«ጸላይ» የሚለይልን አልነበረም። በእንግሊዝኛ የተጻፉት የባንክ ሒሳብ መግለጫዎችም ከአማርኛው ጋር ተቀላቀሉ። አራት ቀን ሙሉ ጸሐፊው ከትዝታቸው፣ እኔ ከመዋጮ ደረሰኝ ስሞቹን ስንገጣጥም ከረምን። የዳንነው በእድሩ ዕቃ ቤት፣ ከድንኳኑ ሥር፣ አንድ የታተመ ቅጂ ስለተገኘ ነው። አይጥ ጥጉን ነክሶት ነበር፤ ቢሆንም ይነበባል።

ሁለተኛው ገዳይ የወርድ ራስ አራሚ ነው። ትንሹ ኤች አንድ ፊደል፣ ትልቁ ኤች ሌላ ፊደል በሆነበት ጽሑፍ ላይ አንድ መስመር ስትጨምሩ ወርድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር የጻፋችሁ መስሎት የመጀመሪያውን ፊደል ወደ ትልቁ ይቀይረዋል። አንድ መምህር 240 ገጽ የመጽሐፍ ረቂቃቸውን በዚህ መንገድ ለሁለት ወር ሲያርሙ ነበር፤ ባረሙ ቁጥር አዲስ ስሕተት ይወለዳል። ራስ አራሚውን ሳታጠፉ የድሮ ሰነድ ላይ አንድ ፊደል አትጻፉ። በቀይ የተሰመረውን አርምልኝ ማለትማ ጨርሶ አይታሰብ።

ጽሑፉን ቀድቶ ወደ ኖትፓድ ወይም ጽሑፍ ብቻ ወደሚቀበል ኢሜይል መለጠፍም ያው ጥፋት ነው፤ የቁምፊው ስም አብሮ አይሄድም።

መፍትሔ፦ በመጀመሪያ ፋይሉን ቅዱና ዋናውን ለንባብ ብቻ አድርጉት። ከእንግዲህ የምትነኩት ቅጂውን ነው። ቅጂውን ከፍታችሁ ጠቋሚውን በተዘባረቀው ቃል መካከል አኑሩና ከላይ ያለውን የቁምፊ ስም ሣጥን እዩ። ቁምፊው ባይኖርም ወርድ ስሙን ይዞታል። በየአንቀጹ፣ በርእሱ፣ በግርጌው እየተዘዋወራችሁ ያያችሁትን ስም ሁሉ በወረቀት ጻፉ። መጨረሻቸው ላይ ብቻ በቁጥር ወይም በኤ እና ቢ የሚለያዩ ስሞች ካገኛችሁ ፊደሉ ተከፍሏል ማለት ነው፤ ሁሉም ያስፈልጓችኋል።

ቁምፊው የት ይገኛል? ሰነዱ በተጻፈበት ኮምፒውተር ላይ፣ በዊንዶውስ አቃፊ ውስጥ ባለው የቁምፊዎች አቃፊ። ኮምፒውተሩ ለቆራሌው ተሰጥቶ ከሆነ በዚያ ዘመን ይጽፍ የነበረ ማተሚያ ቤት ወይም የጽሕፈት አገልግሎት ሰጪ ጠይቁ፤ አሮጌው ኮምፒውተር ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ አግኝቼ አውቃለሁ። ስሙ የተመሳሰለ ሁሉ አይሠራም፤ የአንዱ ሠሪ ቁምፊ የሌላውን ጽሑፍ የሚነበብ በሚመስል ከንቱ ቃል ይሞላዋል።

ቁምፊው ተጭኖ ጽሑፉ እንደተነበበ፣ ምንም ሳትቀይሩ ቁምፊውን በውስጡ የሚይዝ ፒዲኤፍ አድርጉት። ፒዲኤፍ/ኤ የሚለውን ምርጫ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ፤ ለረጅም ጊዜ ማቆያ ታስቦ በ2005 እ.ኤ.አ. ደረጃ የወጣለት ነው፤ ቁምፊውን በግዴታ አብሮ ያስቀምጣል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ስሕተት ሁሉ የሚመሳከርበት ምስክር አላችሁ።

ከዚያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው። መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ፤ የመዘገባችሁት የቁምፊ ስም በዝርዝራቸው ውስጥ ከሌለ ግን አትጠቀሙባቸው። ሲጨርስ ከፒዲኤፉ ጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ። እነ «ሏ»፣ «ቧ»፣ «ኳ»፣ «ጓ»ን፣ የግዕዝ ቁጥሮችንና በሰነዱ ውስጥ ያሉ የእንግሊዝኛ ስሞችን በተለይ ተመልከቱ፤ የሚወድቀው እዚያ ነው። የድሮ ጸሐፊዎች አራት ነጥብን በሁለት ኮለን ይሠሩት ስለነበር እሱንም በአንድ ጊዜ በ«።» ተኩት። በመጨረሻ ሰነዱ ውስጥ እንዳለ የምታውቁትን አንድ ስም በአማርኛ ጽፋችሁ ፈልጉ። ዐይን የሚያየው ትክክል መስሎ ፍለጋው ካላገኘው ያ ቦታ አሁንም ላቲን ነው።

ሰነዱ የፔጅሜከር ነው

ፔጅሜከር የድሮ የመጽሐፍና የጋዜጣ ገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ነው፤ የመጨረሻው 7.0 የወጣው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። ሊብሬኦፊስ የሚባለው ነጻ የቢሮ ፕሮግራም አንዳንዶቹን ይከፍታል፤ የገጹ አቀማመጥ ይናጋል፤ የቁምፊው ጣጣ ከላይ እንዳልኩት ነው።

በቤት የተቀዳ ሲዲ መሃል ላይ ይቆማል

መረጃው የተቀዳበት የሲዲው ቀለም ደክሟል። ሌላ ማጫወቻ ሞክሩ፤ በአንዱ እምቢ ያለው በሌላው ይነበባል። የወጣውን ወደ ሁለት ዲስክ ቅዱ፤ አንዱ ሌላ ቤት ይቀመጥ። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው፣ በቺፕ የሚሠራ ዲስክ) እና ፍላሽ ለዓመታት ያለ ኤሌክትሪክ ለሚቀመጥ ነገር አይሆኑም፤ ቻርጁ እየሟሸሸ ይሄዳል።

ኮምፒውተሩ ሊሸጥ ነው፤ «ሰነዶቹን ሁሉ ገልብጫለሁ»

የቁምፊዎቹንስ አቃፊ?