የዲናሞ ጆሮ ለምን ደጋግሞ ይሰነጠቃል?

የመኪናህ ቺንጋ፣ ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ይጮሃል። ታጠብቀዋለህ፣ በሳምንቱ ይላላል። ዲናሞው ዘመም ብሏል። ቺንጋውም ኩሽኔታውም ደህና ከሆኑ፣ ዲናሞውን የሚይዘውን የአሉሚኒየም ጆሮ እይ።

ስንጥቁ በዓይን ካልታየህ ቦታውን አጥበህ አድርቅ። ነጭ ጋዝ ቀባ፣ ቆይተህ ጥረግ፣ ጠመኔ ፈቅፍቀህ አልብሰው። ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ጋዝ ጠመኔውን አርሶ መስመር ያወጣል። ማግኔት የሚያመጡ አሉ። አሉሚኒየም እኮ ማግኔት አይዝም!

ከተሰበረ ሳታጥብ ስብራቱን እይ። የለሰለሰውና የጠቆረው ስንጥቁ ቀስ እያለ የሄደበት ነው። የሚያበራው ሸካራ ክፍል በመጨረሻው ቀን የተገነጠለው ነው። ጥቁሩ ከየት ጀመረ? እኔ ጋ ከሚመጡት አብዛኞቹ ሰው ካቆሰለው ቦታ ነው የሚጀምሩት።

አንድ የሚኒባስ ሹፌር ሦስት ጊዜ አስበይዶ መጣ። ዲናሞው የሌላ መኪና ነው። አልገባ ሲል ጆሮውን በመሮ ቆርጠውለታል፣ ማዕዘኑ ስል ሆኖ ቀርቷል። በያጁ ስንጥቁን ደፈነ፣ ማዕዘኑን ግን ማንም አልነካውም። ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ማዕዘን ላይ ሄደ። በአራተኛው ጊዜ ጆሮው ላይ ብየዳ የሚባል ነገር አላስነካሁም።

ክብ ቀዳዳ እንኳ ጠርዙ ላይ ጫናውን ወደ 3 እጥፍ ያደርሰዋል። 1 ሚሊሜትር የገባ፣ የጫፉ ራዲየስ 0.1 ሚሊሜትር የሆነ ጭረት ደግሞ ወደ 7 እጥፍ። ብረት ከተወሰነ ጫና በታች ንዝረቱን ለዓመታት ይችላል። አሉሚኒየም እንዲህ ያለ ገደብ የለውም፣ ትንሹም ንዝረት ይጠራቀምበታል። በዚያ ላይ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ ውስጡ የአየር ቀዳዳ ይቀራል። ላዩን በመሮ ስትልጠው ያን ቀዳዳ ለስንጥቁ ከፈትክለት ማለት ነው።

መፍትሄው አዲስ ጆሮ ነው፣ ልኩ የሆነ ዲናሞም። ገና ካልተሰነጠቀ ማዕዘኑን በክብ ሊማ አዙረህ በብርጭቆ ወረቀት አለስልስ። የመጨረሻው ፍተጋ ጫናው በሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን፣ አቋርጠኸው አትፈትግ። ስንጥቁ ጫፍ ላይ 4 ሚሊሜትር ቀዳዳ መብሳት ጋራዥ ያደርስሃል እንጂ አያድንም። እውነተኛውን ጫፍ በጠመኔ ሳታገኝ ከበሳህ ደግሞ ከንቱ ነው። ብየዳ? በሙቀት የጠነከረ አሉሚኒየም ከሆነ የብየዳው ዙሪያ ይለሰልሳል።

ቡሎኑ ከላላ ጆሮውን እየደበደበው ይውላል። ሮንዴላ አትርሳ።

አልፎ አልፎ ጥፋቱ የፋብሪካ ነው፣ ወይም ዝገት።

የአሉሚኒየም ቸርኬ ግን በፍጹም አታስበይድ። ስንጥቅ ካየህ ጣለው። ለባላንስ የሚለጠፈውን የክብደት እርሳስ ስታነሳም በካቻቢቴ ጠርዙን አትቧጭረው።