ፑል ቤት ዳር ቆሞ ማየት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ አንድ የፑል ጠረጴዛ ላይ የሚጫወተው ሁለት ሰው ነው፤ የሚያየው ግን አስርም አስራ አምስትም ይሆናል። ክረምት ላይ ይብሳል። ከተማዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ዝናቡና ጉሙ ሰዉን ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ ጠረጴዛው ዙሪያ ጋቢና ጃኬት ይተሻሻል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ደግሞ ሙቀቱ ጠረጴዛውን በረንዳ ላይ ያወጣዋል፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ተመልካች ነው። ጨዋታው ለሻይ ወይም ለጠረጴዛው ሂሳብ ከሆነ ብዙ ነገር በሳቅ ያልፋል። ብር ከተያዘበት ግን ዳር የቆመ ሰው አቋቋምና አንዲት ቃል ውጤት ትቀይራለች። ጠብ ሲነሳም አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ከዳር የመጣ ነገር ነው።

ከስቲኩ ኋላ መቆም

የፑል ስቲክ፣ ማለትም ኳስ የሚመታበት ዘንግ፣ ርዝመቱ 147 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በስቲኩ የምትመታው ነጯ ኳስ ጠርዙ ሥር ስትቆም የስቲኩ አብዛኛው ክፍል ከጠረጴዛው ውጭ ይቀራል፤ ተጫዋቹ ለመምታት ደግሞ 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይስበዋል። ስለዚህ ከጠርዙ እስከ 1 ሜትር ተኩል ያለው ቦታ የእሱ ነው፤ ሁለት ሙሉ እርምጃ ብለው ይያዙት። ጉዳቱ ስቲኩ ሆድዎን መውጋቱ ብቻ አይደለም። ከኋላው ሰው እንዳለ የተሰማው ተጫዋች አሳጥሮ ይስባል፤ አሳጥሮ የሳበ ደግሞ ጉልበቱን ለማካካስ ክንዱን ያስቸኩላል፣ ስቲኩ ይጣመማል፣ ኳሷ ትስታለች። ቤቱ ጠባብ ከሆነ ከረጅሙ ጎን ይልቅ ማዕዘን ላይ ይቁሙ። ቦታ መቀየር ካለብዎት ተጫዋቹ ቀጥ ብሎ ቆሞ ስቲኩን ጠመኔ ሲቀባ ይሻገሩ፤ ጎንበስ ካለ በኋላ አይንቀሳቀሱ።

ከሚያነጣጥርበት ቀዳዳ በኩል መታየት

የተጫዋቹ ዓይን ከነጯ በእሷ ወደሚመታት ኳስ፣ ከእሷም ወደ ቀዳዳው ይመላለሳል። ከቀዳዳው ጀርባ የቆመ ሰው ስልኩን ከኪሱ ቢያወጣ ወይም ጋቢውን ቢያጣፋ ዓይን ሳይፈልግ ወደዚያ ይነሳል። ጨዋ ነኝ ብሎ በመጨረሻው ሰከንድ ሮጦ መሸሽ ደግሞ ከመቆሙ የከፋ ነው። እዚያ ከተገኙ እንደቆሙ ይቆዩ፣ ከምቱ በኋላ ይውጡ። መብራቱ ከጠረጴዛው በላይ የተንጠለጠለ ከሆነ ደግሞ አንገትዎን ወደ ውስጥ አያስግጉ፤ ጥላዎ ኳሷ ላይ ሲያርፍ ጠርዟ በትክክል አይታይም።

መምከር

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። «ቀጠን አድርጋት»፣ «ኧረ ያቺን ተዋት»፣ «ቀስ በል ወንድሜ» የሚሉ ቃላት ከደግ ልብ ሊመጡ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ገንዘብ ያስያዘው ተቃራኒ ተጫዋች የገጠመው ከአንድ ሰው ጋር ነው፤ ምክር ሲገባ ከሁለት ሰው ጋር እየተጫወተ ነው። ካዚኖ ውስጥ በፖከር ጠረጴዛ ላይ አንድ እጅ ካርታ የሚጫወተው አንድ ሰው ብቻ ነው የሚል የታወቀ ደንብ አለ፤ ምክንያቱም ይኸው ነው። ማሳል፣ አፍን መምጠጥ፣ ተጫዋቹ የተሳሳተ ኳስ ሲመርጥ «እህ!» ማለትም ምክር ነው። ተመካሪውም አይጠቀምም። ሐሳቡን ወስኖ ጎንበስ ካለ በኋላ ሁለተኛ ሐሳብ ሲሰማ በግማሽ ልብ ይመታል።

ጥፋት ቢያዩም ሳይጠየቁ አይናገሩ። ሁለቱ ተጫዋቾች ከተጠራጠሩና «ነክቷል ወይ?» ብለው ከጠየቁዎት ያዩትን ብቻ ይመልሱ፤ «ነክቷል»፣ «አልነካም» ወይም «አላየሁም» ይበቃል። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ግን እንዴት መመታት እንደነበረባት እስኪበቃዎት ያስረዱ፣ የሚከፋ የለም።

ካርታ ሲሆን የሁለት ሰው እጅ ማየት

ካርታ ጨዋታ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ጀርባ የሚዞር ተመልካች ሳያስበው ወሬ ያቀብላል። የአንዱን እጅ አይቶ ፊቱ ከፈካ፣ ፊቱን የሚያነበው ሌላኛው ነው። ከመቆምዎ በፊት ያስፈቅዱ፣ አንድ ሰው ጀርባ ብቻ ይሁኑ፣ ዙሩ እስኪያልቅ አይነሱ።

ጠርዙን መደገፍ፣ ሻይ ማስቀመጥ

ስኳር ያለው ሻይ ጨርቁ ላይ ሲፈስ ያ ቦታ ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ኳስ እዚያ ሲደርስ አቅጣጫ ይስታል። የለውዝ ገለባም እንዲሁ ነው፤ ቀስ ብላ የምትንከባለልን ኳስ ትንሽ ፍርፋሪ ታዞራታለች።

የተነካችን ኳስ በራስ መመለስ

እጅዎ ወይም የጋቢዎ ጫፍ ኳስ ካንቀሳቀሰ ድንጋጤው «ይቅርታ» እያስባለ ኳሷን ያስመልስዎታል። አያድርጉት። እጅዎን ያንሱ፣ እንደነካችዎት ይናገሩ፣ ወደ ኋላ ይበሉ። ሁለቱ ተጫዋቾች ተስማምተው በተቻለ መጠን ቀድሞ ወደነበረችበት ይመልሷታል፤ ጥፋቱ የውጭ ሰው ስለሆነ ማንም አይቀጣም። ብዙ ኳስ ተበትኖ ቦታው ከጠፋ ጨዋታውን እንደ አዲስ መጀመር ይሻላል። ነክቶ ዝም ያለ ተመልካች ግን የተያዘውን ብር ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ይከተዋል።

የዳር ውርርድ

ተመልካቾች እርስ በርስ የሚያስይዙ ከሆነ ኳሶቹ ከመበተናቸው በፊት ይጨርሱ። ገንዘቡን ያልተወራረደ ሦስተኛ ሰው ይያዝ። ከዚያ ተጫዋቹን «ብሬን እንዳታስበላኝ» ማለት ነውር ነው፤ እሱ የእርስዎን ብር ለመሸከም አልተስማማም። ያሸነፈውንም ሰው ብሩን ሲቆጥር «ቡና ጋብዝ እንጂ» ማለት ይቅር።

ስልክና ዓይን

ወሎ ውስጥ ቁማር በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም የተወገዘ ስለሆነ ለመዝናናት የመጣ ሰው ፎቶው ቲክቶክ ላይ ሲወጣ እቤቱ ውስጥ ችግር ይፈጠራል። ሳያስፈቅዱ አይቅረጹ። ቤቲንግ ቤት መስኮት ጋ ሲሰለፉም አንድ ክንድ ያህል ይራቁ፤ ሰው በቴሌብር ሲከፍል የሚስጥር ቁጥሩን እስኪያስገባ ፊትዎን ያዙሩ፣ ትኬቱንም አንገትዎን አስረዝመው አያንብቡ።

ተጫዋቹም የሚሳሳተው አለ

ከሳተ በኋላ «አንተ ነህ ያሳትከኝ» ማለት ማንም አይቀበለውም። ተጫዋች ሆነው የሚረብሽዎት ነገር ካለ ካጎነበሱበት ተነስተው ከምቱ በፊት ይናገሩ፦ «ወንድሜ፣ ትንሽ ዞር በልልኝ»፣ ተመልካቹ ታላቅ ሰው ከሆኑ «ጋሼ፣ በዚህ በኩል ቢሆኑልኝ»። አብዛኛው ሰው «አብሽር» ብሎ ይርቃል። እምቢ ያለ ካለ አይጨቃጨቁ፣ ለቤቱ ሰው ይንገሩ።

ጨዋታ መሀል መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ሰው ወዲያው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይበል፤ ወደ ጠረጴዛው የሚቀርብ አይኑር። የስልክ መብራት የሚያበራው የቤቱ ሰው ነው፣ ከላይ ወደ ታች። ሁለቱ ተጫዋቾች ኳሶቹ እንደነበሩ መሆናቸውን አይተው ሲስማሙ ተመልካቹ ይጠጋል።