ቦንዱ ቀድሞ ቢዘጋስ? ትርፉን እንዴት እናስላ

ለገጣፎ ባለ አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ሒሳብ እይዛለሁ። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በ2017 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ጎረቤቶቼ ስለ ቦንድ፣ ማለትም ኩባንያ ከሰው ተበድሮ ወለድ ስለሚከፍልበት ሰነድ፣ ይጠይቁኛል። ሁሉም የሚጀምሩት ከወለዱ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ኩባንያው ቀድሞ ከፍሎ የመዝጋት መብት እንዳለው ነው።

ምሳሌ እንያዝ። የፊት ዋጋው (ዕድሜው ሲያልቅ የሚመለሰው ገንዘብ) 1,000 ብር፣ ዓመታዊ ወለዱ 120 ብር፣ ዕድሜው 8 ዓመት የሆነ ቦንድ በ1,060 ብር ገዛችሁ እንበል። ኩባንያው በ2 ዓመቱ 1,030 ብር ከፍሎ ሊዘጋው ይችላል።

ከዘጋው 30 ብር ጎደለባችሁ፣ በዓመት 15 ማለት ነው። ከ120 ላይ ቀንሱት፣ 105 ይቀራል። ይህን ለ1,060 እና ለ1,030 አማካይ፣ ለ1,045 አካፍሉት። 10 በመቶ ገደማ ይመጣል። 8 ዓመት ከቆየ በዚያው መንገድ 10.9 በመቶ ይሆናል። ግምት ነው፤ ጥርት ያለውን የኤክሴሉ ሬት (RATE) የተባለው ቀመር ያወጣዋል።

አሁን ዋናው ነገር። ኩባንያ ቦንዱን የሚዘጋው ብዙውን ጊዜ የገበያው ወለድ ሲወርድ ነው፣ በርካሽ ሊበደር። ያን ጊዜ የተመለሰላችሁን ብር የምታስቀምጡትም በዚያው በወረደው ወለድ ነው። ስለዚህ ዝቅተኛውን፣ 10 በመቶውን ይዛችሁ ወስኑ። የመዘጋት ዕድሉ 70 በመቶ ከመሰላችሁ 10ን በ0.7፣ 10.9ን በ0.3 አባዙና ደምሩ፦ 10.3 በመቶ። ሻጩ 120ን ለ1,060 ብቻ አካፍሎ «11.3 በመቶ» ቢላችሁ፣ የሚዘጋበትን ቀንና ዋጋ በጽሑፍ ጠይቁት።