የለንደኑን ሴንት ጄምስ ፓርክና አካባቢውን በእግር እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

ለንደን የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ባኪንግሃም ቤተ መንግሥትን፣ የሰዓት ማማውን ቢግ ቤንንና ዌስትሚንስተር አቢይ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን ለየብቻ በባቡር ይዞራል። አያስፈልግም። ሁሉም ሴንት ጄምስ ፓርክን ከበው የቆሙ ናቸው፤ ጠቅላላው መንገድ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፓርኩን ግን እንደ መተላለፊያ ብቻ አትዩት። የጉዞው ልብ እሱ ነው።

ከቀኑ 7 ሰዓት ግድም (በእነሱ አቆጣጠር 1 ሰዓት) ከትራፋልጋር አደባባይ ተነሱ። የአድሚራል ኔልሰንን ሐውልትና አራቱን አንበሶች ፎቶ አንሱና በአድሚራልቲ ቅስት በኩል ወደ ሰፊው ዘ ሞል ጎዳና እለፉ።

ጥቂት ሄዳችሁ በግራ በኩል ወደ ፓርኩ ግቡ። እዚህ ቀስ በሉ። ቦታው ድሮ ረግረግ ነበር። ሄንሪ 8ኛ በ1532 እ.ኤ.አ. የራሱ አደረገው። ቀዳማዊ ጄምስ ረግረጉን አስጠፍፎ ግመልና አዞ ሳይቀር አኖረበት። ዳግማዊ ቻርልስ ደግሞ አስውቦ ለሕዝብ ከፈተው። የዛሬው ጠመዝማዛ ሐይቅ ያኔ ቀጥ ያለ ቦይ ነበር፤ መልኩን የቀየረው በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. አርክቴክቱ ጆን ናሽ ነው።

ሐይቁን የሚያቋርጠው ድልድይ መሃል ላይ ቁሙ። በምዕራብ ቤተ መንግሥቱ በዛፎቹ መሃል ብቅ ይላል። በምሥራቅ የፈረሰኛ ዘቦቹ ሕንፃ የሆርስ ጋርድስ ጣሪያዎች ይታያሉ። ከመንገዱ ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ቦታ ነው።

ከዚያ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሂዱ። ባንዲራውን ቀና ብላችሁ እዩ፤ የንጉሡ ዓርማ ከተሰቀለ ንጉሡ ውስጥ ናቸው፣ የአገሪቱ ባንዲራ ከሆነ ግን የሉም። የዘብ ቅያሪው ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ስለሆነ ያመልጣችኋል። ግፊያው ከባድ ነው፤ እኔ ብሆን የፓርኩን ፔሊካኖች፣ ትልልቅ ምንቃር ያላቸውን የውሃ ወፎች፣ እመርጣለሁ።

ለእነሱ በሐይቁ ደቡባዊ ዳር ወደ ዳክ ደሴት ተመለሱ። አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ 8፡30 ጀምሮ ዓሣ ይመገባሉ። የመጀመሪያዎቹን በ1664 እ.ኤ.አ. በስጦታ ያመጣው የሩሲያ አምባሳደር ነበር። ዳቦ አትወርውሩላቸው።

ከፓርኩ ወጥታችሁ ጥቂት ስትራመዱ የፓርላማው አደባባይ ትደርሳላችሁ። በ2007 እ.ኤ.አ. የቆመውን የማንዴላ ሐውልት ፈልጉ። ቢግ ቤንም ከ1066 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንግሊዝ ነገሥታት ዘውድ የሚጭኑበት አቢይም እዚያው ናቸው። አቢይ ውስጥ መግባት በክፍያ ነው፤ ለጎብኚ ቀደም ብሎ ስለሚዘጋ ለሌላ ቀን ጠዋት ያዙት። እሁድ ግን የሚከፈተው ለአምልኮ ብቻ ነው።