ቤዙ የት ገባ? የኦቨርድራይቭ ፕሪአምፕ ፔዳል ችግርና መፍትሄ

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኦቨርድራይቭ ፕሪአምፕ ፔዳል፣ ማለትም በእግር እየተረገጠ የቤዙን ድምፅ የሚያጎለብትና የሚያሻክር ትንሽ ሣጥን፣ ገዝቶ የመጣ ቤዝ ተጫዋች «አይሠራም» ብሎ ሊመልሰው ሲነሣ፣ የደርሶ መልሱን ድካም፣ የመሳፈሪያውን ገንዘብና ከሻጩ ጋር የሚገጥመውን ክርክር ደርቦ ይገዛል። እኔ ሁለት ጊዜ ገዝቼዋለሁ። በሁለቱም ጊዜ ፔዳሉ ምንም አልነበረበትም፤ የመጀመሪያው ጥፋት የገመድ፣ ሁለተኛው የራሴ ጆሮ ነበር።

ስለዚህ ከዕቃው ስም ሳይሆን ከሚሰማው ነገር ልጀምር። «የትኛውን ልግዛ?» ለሚለው ጥያቄም ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

ኦቨርድራይቩን ሲረግጡት ቤዙ ይጠፋል

ከሁሉም በላይ የሚሰማው ስሞታ ይህ ነው። ፔዳሉ ይረገጣል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ነገር ግን ወገቡን ያጣል። ከበሮው ብቻውን ይቀራል፤ ዘፋኙም ዞር ብሎ ያያል።

ምክንያቱ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የሊድ ጊታሩ ወፍራም ክር ግን 82 ጊዜ ነው፣ እጥፍ። ለሊድ ጊታር የተሠሩ ኦቨርድራይቮች ድምፁን በሚያሻክሩበት ቦታ ላይ ታችኛውን ክፍል ሆን ብለው ያሳንሱታል። ብዙዎች የቀዱት አረንጓዴው ቲዩብ ስክሪመር የተባለው ፔዳል ከ720 ሄርዝ (በሰከንድ 720 ርግብግቢት) በታች ያለውን እያሳነሰ ነው የሚሠራው። ለሊድ ጊታር ይህ ብልሃት ነው፣ ድምፁ እንዳይዝረከረክ ያደርጋል። ለቤዝ ግን ቤቱን ከመሠረቱ ማፍረስ ነው።

ለቤዝ ተብሎ በተሠራ ፔዳልም ቢሆን ችግሩ በሌላ በር ይገባል። ማሻከር ማለት የድምፁን ጫፍ መጨፍለቅ ነው፤ ጫፉ ሲጨፈለቅ የጣት አመታት ጉልበት አብሮ ይሟሽሻል። መድኃኒቱ ንጹሑን ድምፅ ከተሻከረው ጋር የሚያደባልቀው ማዞሪያ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ «ብሌንድ» ይባላል። ሳንስአምፕ ቤዝ ድራይቨር፣ የኤምኤክስአሩ ኤም80፣ የዳርክግላሱ ቢ3ኬ፣ ዋጋው ቀለል የሚለው የቤሪንገር ቢዲአይ21፣ ሁሉም አላቸው። ቦስ ኦዲቢ-3 ላይ «ባላንስ» ተብሎ ተቀምጧል። በእኔ አስተያየት ብሌንድ የሌለውን የቤዝ ኦቨርድራይቭ ሻጩ በግማሽ ዋጋ ቢሰጥም ተዉት።

አስተካከሉ ትዕግሥት ይጠይቃል። ብሌንዱን ሙሉ በሙሉ ወደ ንጹሑ ያዙሩና የፔዳሉን ድምፅ ሲበራም ሲጠፋም እኩል እስኪሆን በሌቨሉ (በድምፅ መጠን ማዞሪያው) ያስተካክሉ። ቀጥሎ ድራይቩን (የማሻከሪያውን ማዞሪያ) ሩብ ያህል ከፍተው ብሌንዱን ቀስ በቀስ ወደ ሻካራው ያምጡት። ጆሮዎ «አሁን መጣ» ሲል ጥቂት ይመልሱት፤ ብቻዎን ሲሆኑ የሚጥመው መጠን ከባንድ ጋር ሁልጊዜ ይበዛል። ትዝታ ሲሆን፣ አንድ ኖታ ረጅም ሲያዝ፣ ይህች ትንሽ ሻካራነት ኖታውን ተሸክማ ትወስደዋለች። ጭፈራው በጦፈበት የሠርግ ዘፈን ላይ ግን ድራይቩን ቀንሱልኝ ብዬ እለምናለሁ፤ እያንዳንዱ አመታት ተለይቶ ካልተሰማ እግር አይነሣም።

ቤት ውስጥ ያማረው አዳራሽ ውስጥ አይሰማም

ሁለተኛው ጉዞዬ በዚህ ምክንያት ነበር። ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ባሱንም (ታችኛውን ድምፅ) ትሬብሉንም (ላይኛውን) ከፍ፣ መሐሉን ዝቅ አድርጌ ነበር። እንደዚያ ሲሆን ድምፁ ያማልላል። አዳራሽ ገብቼ ስጫወት ግን ከወለሉ ስር የሚመጣ መንቀጥቀጥ እንጂ ዜማ አልነበረም።

አድማጭ የቤዙን ኖታ ለይቶ የሚሰማው ከታችኛው 41 ሄርዝ ብቻ አይደለም። በየአዳራሹ ያሉት ብዙዎቹ ሞንታርቦዎች ያንን ያህል ዝቅ አይሉም። ጆሮ ኖታውን የሚይዘው ከላዩ ካሉት ተከታይ ድምፆች ነው፤ እነሱም በብዛት ያሉት ከ200 እስከ 800 ሄርዝ ባለው መሐል ውስጥ ነው። እኔ የቀነስኩት ያንኑ ነበር። ስለዚህ ፔዳል ሲመርጡ ራሱን የቻለ የመሐል ማዞሪያ እንዳለው ይዩ። የመጀመሪያው ሳንስአምፕ ቤዝ ድራይቨር ባስና ትሬብል እንጂ መሐል አልነበረውም፤ መሐሉም በተፈጥሮው የጎደጎደ ነው። ኩባንያው በሁለተኛው ስሪት ላይ የመሐል ማዞሪያ ጨመረበት።

እዚህ ላይ ከፔዳል ጋር የማይገናኝ ነገር አለ፤ የኪቦርዱ ግራ እጅ። በእኛ አካባቢ ብዙ ባንዶች ለዓመታት ያለ ቤዝ ጊታር ኖረዋል፤ ቤዙን የሚመታው ኪቦርዲስቱ ነው። ቤዝ ጊታር ሲገባም ግራ እጁ ልማዱን አይተውም። ሁለት ቤዝ በአንድ ጊዜ ሲመታ ከጭቃ ሌላ አይወጣም፣ የትኛውም ፔዳል አያጠራውም። አንድ ጊዜ ለታላቃችን ኪቦርዲስት «ጋሼ፣ ለዚህኛው ግራ እጅዎን ያሳርፉልኝ» ብላቸው «እስከ ዛሬ ማን ሲሸከመው ኖሮ ነው?» አሉኝ። አሳረፉ ግን። በዚያ ምሽት የተሻሻለውን ያህል ድምፅ በገንዘብ ገዝቼ አላውቅም።

የማያቋርጥ ጉምጉምታ

መጀመሪያ ምንጩን ይለዩ። ድራይቩን ከፍ ዝቅ ያድርጉ፤ ጉምጉምታው አብሮ ከፍ ዝቅ ካለ ከፔዳሉ በፊት ነው የሚገባው፣ ማለትም ከጊታሩ ወይም ከጊታሩ ገመድ። ካልተለወጠ ከፔዳሉ በኋላ ያለውን ይፈትሹ።

ቀጥሎ ጉምጉምታው ምን ያህል ወፍራም ወይም ቀጭን ኖታ እንደሆነ ያድምጡ። የአገራችን መብራት 50 ሄርዝ ነው፤ ጉምጉምታውም በ50 እና በ100 ይመጣል። የኢ ክር (41 ሄርዝ ያልነው ወፍራሙ ክር) ሦስተኛ ፍሬት 49፣ ሳይያዝ የሚመታው ጂ ክር 98 ሄርዝ ስለሆኑ፣ የሚሰሙት ነገር ከእነዚህ በጥቂቱ ከፍ ያለ ከሆነ የመብራት ነው። በመንዝ ድንኳን ሠርግ ላይ በጄኔሬተር ሲጫወቱ ደግሞ፣ ሞተሩ ሲከብደው ይኸው ድምፅ ይወርዳል፣ ሲቀለው ይወጣል። ቀጭን ፉጨት ከሆነ ግን መብራቱን አይክሰሱ፤ ርካሽ አዳፕተር ነው፣ በተለይ አንዱ አዳፕተር ለብዙ ፔዳል ሲከፋፈል።

ከጊታሩ ከሆነ፦ ሁለት ነጠላ ፒክአፕ (የክሩን ርግብግቢት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ማግኔትና ጥቅል ሽቦ) ያለው ጃዝ ቤዝ የተባለውን ጊታር ይዘው ከሆነ ሁለቱንም ቮልዩም እኩል ይክፈቱ። ፒክአፖቹ አንዱ የሌላውን ጉምጉምታ እንዲሽር ተደርገው ነው የሚጠቀለሉት፤ አንዱን ብቻ ሲከፍቱ ይመለሳል።

ከፔዳሉ በኋላ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ነገሩ የመሬት ሽቦ ዙሪት ነው። ፔዳሉ በአንድ ገመድ ከአምፕሊፋየሩ፣ በባለ ሦስት እግሩ የማይክ ገመድ ደግሞ ከሚክሰሩ ጋር ይገናኛል። ሁለቱ በተለያየ ሶኬት ከተሰኩ በመካከላቸው ቀለበት ይፈጠርና ጉምጉምታው በዚያ ይዞራል። ሁለቱንም ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰኩ። ካልጠፋ በፔዳሉ ጎን «ግራውንድ ሊፍት» የተጻፈበትን ማብሪያ ይጫኑ። የሚገዙት ፔዳል ለሚክሰር መውጫ ካለው ይህ ማብሪያም ሊኖረው ይገባል።

ማብሪያው የለም ብሎ የአምፕሊፋየሩን መሰኪያ የመሬት እግር የሚሰብር ሰው አይቻለሁ። ጉምጉምታው በእርግጥ ሊጠፋ ይችላል። ነገር ግን አምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ሽቦ የተላቀቀ ቀን 220 ቮልቱ መውረጃ አጥቶ በክሮቹ በኩል ወደ ተጫዋቹ ይመጣል፤ ከንፈሩ ማይኩን ሲነካ ደግሞ መንገዱ ይሟላል። ይህንን በጭራሽ አያድርጉ።

ድራይቩ ዜሮ ላይ ሆኖም ይንኮሻኮሻል

የጊታሩን ቮልዩም በግማሽ ይቀንሱ። ከጠራ፣ ባለ ባትሪው ጊታርዎ ፔዳሉን ከአቅሙ በላይ እየመገበው ነው፤ «ፓድ» የሚል (የሚገባውን ድምፅ የሚያሳንስ) ማብሪያ ካለ ይጫኑ። ካልጠራ የሚክሰሩን ቀይ መብራት ይመልከቱ፤ የሚጨፈለቀው እዚያ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ካልሆኑ ባትሪ ነው። የደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ባትሪን ያደክማል፤ ሌሊቱን መኪና ላይ ያደረ 9 ቮልት ጠቋሚዋን መብራት አብርቶ ድምፁን መሸከም ሊያቅተው ይችላል። ደግሞም የጊታሩ ገመድ ከፔዳሉ ካልተነቀለ ባትሪው ሌሊቱን ሙሉ ያልቃል፤ ብዙዎቹ ፔዳሎች የሚበሩት ጃኩ ሲገባ ነው።

ጭራሽ የማይበራ ከሆነ አዳፕተሩን ይዩ። አብዛኞቹ ፔዳሎች 9 ቮልት፣ የመሰኪያው መሐል ኔጋቲቭ የሆነ ይፈልጋሉ፤ አዳፕተሩ ላይ በትንሽ ሥዕል ተስሎ ይገኛል። የኪቦርድ አዳፕተር 12 ቮልት፣ መሐሉም ፖዘቲቭ ሊሆን ስለሚችል «ገባ» ብለው አይሰኩት። ሚሊ አምፔሩ ፔዳሉ ከሚጠይቀው ቢበልጥ አይጎዳም፣ ካነሰ ግን አይሆንም።

ቶኑን ባዞረው ምንም አይለወጥም፤ ወይም እንደ ንብ ይጮሃል

በብዙ ፔዳሎች ቶን (ትሬብሉን የሚያሳንሰው ማዞሪያ) የሚሠራው በሻካራው ወገን ላይ ብቻ ነው። ብሌንዱ ወደ ንጹሑ ከተጠጋ ቶኑን ቢያሽከረክሩት የሚሰማ ነገር የለም፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ክሮቹ ካረጁም እንዲሁ ነው፤ ቶን ያለውን ያሳንሳል እንጂ የሌለውን ትሬብል አይወልድም።

የንቡ ጩኸት የሚመጣው የተሻከረው ድምፅ በቀጥታ ወደ ሚክሰር ሲገባ ነው። የቤዝ አምፕሊፋየር ትልቁ ስፒከር ከፍተኛውን ጩኸት በተፈጥሮው ይቆርጠዋል፤ የሞንታርቦው ቀንድ ግን ሁሉንም ይተፋዋል። የስፒከርን ጠባይ የሚመስል ማጣሪያ ያለው ፔዳል ይህንን ይፈታል፣ ሳንስአምፕም ስሙን ያገኘው በዚህ ነው። ማጣሪያ ከሌለ ቶኑን ከግማሽ በታች ያውርዱ።

ማዞሪያው ይንኮሻኮሻል

አቧራ ነው። መብራቱን አጥፍተው ዳር እስከ ዳር ሃያ ጊዜ ያዙሩት፤ ካልተሻለ የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ይንፉበት። በጣርማ በር ብርድ አልፈው ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ሲወርዱ ግን ላብ ሊሆን ይችላል፤ የቀዘቀዘ ብረት ሙቅ አየር ሲያገኝ ውኃ ያወጣል። ሣጥኑን ሳይከፍቱ ግማሽ ሰዓት ያቆዩት።

ሲገዙ

የራስዎን ጊታርና ገመድ ይዘው ይሂዱ። ሱቁ ውስጥ ባለው ውድ ጊታር የማያምር ፔዳል የለም። ድራይቩን ዜሮ አድርገው ንጹሑን ድምፅ መጀመሪያ ይስሙ፤ ከምሽቱ አብዛኛውን የሚጫወቱት በእሱ ነው። ባለ አምስት ክር ካለዎት ወፍራሙን ቢ ይምቱ፤ 31 ሄርዝ ገደማ ስለሆነ የታች ጉልበት የሌለው ፔዳል እዚያ ላይ ይጋለጣል። ከዚያ ድራይቩን ሙሉ ከፍተው ክሮቹን በመዳፍዎ ያፍኑ፤ የሚቀረው ሽሽታ የፔዳሉ የራሱ ነው።

ውጭ ካለ ዘመድ የሚያስመጡ ከሆነ ፔዳሉን ሳይሆን አዳፕተሩን ነው የምፈራልዎት። ከአሜሪካ የሚመጣው አንዳንዱ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው፤ እዚህ ሲሰካ ይቃጠላል፣ አንዳንዴም ፔዳሉን ይዞ ይሄዳል። ጀርባው ላይ «100–240» የሚል ጽሑፍ ካላዩ ፔዳሉን በባትሪ እየሞከሩ እዚሁ ለ220 የሚሆን አዳፕተር ይፈልጉ።