ከልጆች ጋር የሚጋገር የጥቅምት ድፎ ዳቦ

ጅማ ላይ ዝናቡ ቀንሶ ቡናው መቅላት ሲጀምር፣ ልጆችን ሥራ የሚያስይዝ እንደ ድፎ ዳቦ ያለ የለም። 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 3 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ጥቂት ጥቁር አዝሙድና 600 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ያስፈልጋል። ውሃው ጣት ካቃጠለ እርሾውን ይገድለዋል፤ ሊጡም አይነሳም። ማቡካቱን ለልጆቹ ተዉላቸው (ዱቄት መበተኑ አይቀርም)። ሊጡ እጥፍ እስኪሆን ይረፍ፤ በብርዳማ ቀን 2 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል።

የኮባውን ቅጠል ልጆቹ ይጠቡት። እሳት ላይ ማለስለሱ ግን የትልቅ ሰው ሥራ ነው፤ ያልለሰለሰ ቅጠል ሲታጠፍ ይሰነጠቅና ሊጡ ምጣዱን ይይዛል። ሊጡን በቅጠሉ ጠቅልላችሁ ምጣዱ ላይ አድርጉ፤ ከድናችሁ በመጠነኛ እሳት 30 ደቂቃ፣ ገልብጣችሁ ደግሞ 20 ደቂቃ ጋግሩ።

እስኪበስል ልጆቹ የዱባ ፍሬ ወረቀት ላይ በሙጫ እየለጠፉ አደይ አበባ ይሥሩ፤ ከ3 ዓመት በታች ላሉት ግን ፍሬው ስለሚያንቅ አትስጧቸው። ዳቦው ሲቆረስ እያንዳንዱ ልጅ ማንን እንደሚያመሰግን ይናገር፤ የጎረቤትንም ድርሻ ራሱ ያድርስ።