ሎን ከመፈረማችሁ በፊት፦ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሰርተፍኬት ስንት ያስገባል፣ ስንት ያስወጣል?

አሜሪካ ገብታችሁ ሥራ እንደያዛችሁ አንድ ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ "ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ግቡ፣ አንድ ዓመት ተምራችሁ ሰርተፍኬት ያዙ፣ ከፓርኪንግ ሥራ ትወጣላችሁ" ይላችኋል። ምክሩ ጥሩ ነው፤ እኔም ለብዙ ሰው እንዲሁ ብያለሁ። ችግሩ የትኛው ሰርተፍኬት፣ በስንት ዶላር፣ በማን ገንዘብ የሚለው ላይ ሲደረስ ሁሉም ዝም ይላል።

ሰዉ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው "ተምሬ ስጨርስ ስንት ይከፈለኛል?" ብሎ ነው። እናንተ ግን "አሁን ከማገኘው በስንት ይበልጣል?" ብላችሁ ጠይቁ። በሰዓት 18 ዶላር የሚያገኝ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ከሠራ ግብር ሳይቆረጥ በዓመት 37,440 ዶላር ያገኛል። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ የ2024 አኃዝ እንደሚያሳየው የሜዲካል አሲስታንት፣ ማለትም ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሙን የሚያግዝ ሠራተኛ፣ መካከለኛ ደመወዝ በዓመት 44,200 ዶላር ነው። መካከለኛ ሲባል ግማሹ ሠራተኛ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች ያገኛል ማለት ነው። የማሞቂያና ማቀዝቀዣ ቴክኒሻን፣ እዚህ ኤችቫክ የሚሉት፣ 59,810 ዶላር ነው። ኤሌክትሪሺያን 62,350።

አሁን ቀንሱት። ሜዲካል አሲስታንት በዓመት 6,760 ዶላር ይጨምርላችኋል። ኤችቫክ 22,370። ሁለቱም "የአንድ ዓመት ሰርተፍኬት" ተብለው ነው የሚነገሩት። ይህን ስል ሜዲካል አሲስታንት አትማሩ ማለቴ አይደለም፤ ሕክምና ቤት ውስጥ መሥራት የሚወድ፣ ነገ ወደ ነርሲንግ መቀጠል የሚያስብ ሰው ጥሩ በር ነው። ለእሱ ስትሉ ግን ብዙ ዕዳ ውስጥ አትግቡ። ደግሞ መካከለኛው ደመወዝ 15 ዓመት የሠራውንም ሰው ስለሚጨምር፣ አዲስ ተመራቂ ከዚያ ዝቅ ብሎ እንደሚጀምር አስቡ።

ይህን በምትገቡበት ኮሌጅ ደረጃ ማየትም ይቻላል። የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር ኮሌጅ ስኮርካርድ የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለው። ኮሌጁን ትፈልጋላችሁ፣ የትምህርቱን ዓይነት ትመርጣላችሁ፣ ከዚያ ሰርተፍኬት የሚለውን ታያላችሁ። ተመራቂዎቹ ምን ያህል እንደሚያገኙና በምን ያህል ዕዳ እንደወጡ ያሳያችኋል። አኃዙ የፌዴራል ርዳታ ወይም ሎን የወሰዱትን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ተመራቂው ጥቂት ከሆነ ደግሞ ምንም ላያሳይ ይችላል። ያም ሆኖ የኮሌጁ ማስታወቂያ ላይ ፈገግ ካለው ልጅ ፎቶ ይሻላል።

ብዙ ሰው የማይቆጥረው ትልቁ ወጪ የሥራ ሰዓት ነው። ለክላስ ብላችሁ በሳምንት 20 ሰዓት ሥራ ብትቀንሱ፣ በሰዓት 18 ዶላር ሲባዛ በሳምንት 360 ዶላር ቀረባችሁ። በ30 ሳምንት 10,800 ዶላር ይሆናል። ብዙ ቦታ የነዋሪ ክፍያ፣ ማለትም ኮሌጁ ለአካባቢው ነዋሪ ቀንሶ የሚያስከፍለው የትምህርት ክፍያ፣ ራሱ ከዚህ ያንሳል። ቤት ኪራይ እየከፈላችሁ፣ አገር ቤት እየላካችሁ ይህ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ ጻፉት። የማታ ክፍል ያለው ፕሮግራም ትንሽ ቢዘገይም ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ወደ ከፋዩ እንምጣ። ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት ርዳታ ማመልከቻ ቅጽ ሙሉ፤ ነፃ ነው፣ ልሙላላችሁ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው አትክፈሉ። በዲቪም ሆነ በቤተሰብ መጥታችሁ ግሪን ካርድ ካላችሁ፣ ወይም በስደተኝነት ከገባችሁ፣ ወይም አሳይለማችሁ ከጸደቀ ማመልከት ትችላላችሁ። አሳይለም ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው ግን የፌዴራል ርዳታ አያገኝም። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ፔል ግራንት ይሰጣችኋል። ይህ አይመለስም። ለ2025-26 ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው፤ በግማሽ ጊዜ ለሚማር ያንሳል።

እዚህ ላይ ብዙ አበሻ የሚደነግጥበት ነገር አለ። ከኢትዮጵያ ዲግሪ ይዛችሁ የመጣችሁ ከሆነ ፔል ግራንት አታገኙም። ዲግሪው እዚህ ሥራ ባያስገኝላችሁም ሕጉ ያው ነው። የሚቀርላችሁ ሎን ነው። "ዲግሪ የለኝም ብለህ ሙላ" የሚላችሁን አትስሙ። ቅጹ ላይ ውሸት መጻፍ እስከ 20,000 ዶላር ቅጣትና እስራት አለው፤ ገና ዜግነት የምትጠብቁ ሰዎች ናችሁ። ይልቅ ዲግሪ ያላችሁ ሰዎች ሰርተፍኬት ከመጀመራችሁ በፊት ወረቀታችሁን አስገምግሙ። በተለይ ነርስ፣ ላብራቶሪ፣ አካውንቲንግ ወይም ኢንጂነሪንግ ከሆነ። አገር ቤት አምስት ዓመት የተማረ ሰው ማንም ሳይነግረው ከዜሮ ሲጀምር ማየት ያሳዝናል።

ሎን ከሆነ ግድ፣ የፌዴራሉን ብቻ። ዕድሜው 24 የሞላ ወይም ያገባ ሰው በመጀመሪያ ዓመት እስከ 9,500 ዶላር ይፈቀድለታል። ከዚህ ውስጥ ቢበዛ 3,500ው ብቻ ነው ትምህርት ላይ እያላችሁ ወለዱን መንግሥት የሚከፍልላችሁ። ሌላው ገንዘቡ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ይወልዳል። የ2025-26 ወለድ 6.39 በመቶ ነው። 9,500ውን በሙሉ ወስዳችሁ በ10 ዓመት ብትከፍሉ በወር ወደ 107 ዶላር፣ በጠቅላላው 12,900 ዶላር አካባቢ ይመጣል። በሜዲካል አሲስታንት ጭማሪ ላይ ይህ ይከብዳል፣ በኤችቫክ ላይ ይቻላል። ደግሞ የተፈቀደላችሁን ሁሉ መውሰድ ግዴታ አይደለም። 2,000 ከጎደላችሁ 2,000 ብቻ ውሰዱ። ከክፍያው የተረፈው ሪፈንድ ተብሎ ባንካችሁ ሲገባ የተገኘ ገንዘብ ይመስላል፤ መኪና የገዛበት፣ ቤተሰብ ጋ የላከው ብዙ ነው። ዕዳ ነው። ኮሌጆች ክፍያውን በየወሩ ከፋፍለው ያለ ወለድ የሚቀበሉበት አሠራር አላቸው፣ ጠይቁ። እቁብ ያላችሁም ዕጣውን ከሴሚስተሩ መጀመሪያ ጋር እንዲገጥም ተነጋገሩ፤ እቁብ ወለድ የለውም።

አንዴ ከጀመራችሁ በመሃል አታቋርጡ። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ ሺፍቴ ተቀየረና በስድስተኛው ሳምንት ክላሱን ተውኩት። ዝም ብዬ ብቀር ያለፈ መስሎኝ ነበር። ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ያቆመ ተማሪ የርዳታው ከፊሉ ወደ መንግሥት ይመለሳል፤ ኮሌጁ ደግሞ የጎደለውን ከእኔ ጠየቀ። ያን ዕዳ ከፍዬ እስክጨርስ መመዝገብ አልቻልኩም። ሺፍታችሁ የሚቀያየር ከሆነ ከቀጠራችሁ ሰው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ወይም በአንድ ክላስ ጀምሩ።

የምትኖሩበት ቦታም ዋጋውን ይለውጣል። ቨርጂኒያ የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት በጥቅሉ አንድ ዓመት መኖር ይጠበቅባችኋል፤ ስለዚህ እንደገባችሁ መታወቂያ አውጡ፣ ግብር እዚያው ክፈሉ፣ ኪራይ ውላችሁን አስቀምጡ። እዚያው ቨርጂኒያ ፋስትፎርዋርድ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ለአጫጭር የሙያ ሥልጠናዎች ከጨረሳችሁ የዋጋውን አንድ ሦስተኛ ብቻ ትከፍላላችሁ፣ ካልጨረሳችሁ ሁለት ሦስተኛ። ኤሌክትሪክና ቧንቧ የምትፈልጉ ደግሞ አፕረንቲስሺፕን እዩ። እየሠራችሁ፣ እየተከፈላችሁ የምትማሩበት ነው፤ መግቢያው ፉክክር አለው፣ እንግሊዝኛና ሂሳብ ይፈትናሉ፣ ግን ዕዳ የለውም ማለት ይቻላል።

ለመመዝገብ ስትሄዱ የፕሮግራሙን ኃላፊ አግኙና እነዚህን ጠይቁ። ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ጀመረ፣ ስንት ጨረሰ? የጨረሱት የት ተቀጠሩ? መጽሐፍ፣ መሣሪያና የላይሰንስ ፈተና በክፍያው ውስጥ አለ ወይ? ኤችቫክ ከሆነ የማቀዝቀዣውን ጋዝ ለመንካት በሕግ የሚጠየቀውን የኢፒኤ (የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) 608 ፈተና ያስፈትናሉ ወይስ ራሳችሁ ትከፍላላችሁ? ከሰርተፍኬቱ በፊት የእንግሊዝኛ ክላስ ያስገቡኛል ወይ፣ ለስንት ሴሚስተር? የሚመልሱላችሁን ጻፉት፣ ወይም በኢሜይል እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ቤት ስትገቡ ከደመወዝ ወረቀታችሁ ጎን አስቀምጡትና ቀንሱ።